የጠፋ ዓይን በማን መዝገብ ይገኛል? ጡረተኛ ወታደር፣ የጌታ ቤት አገልጋይና የፎገራ ሜዳ



የዛሬው ንግግሬ የዓይን ሕመምን ቢያነሣም ሐኪም ስላልሆንሁ ስለ ሕክምናው ብዙ አልልም። የያዝሁት ጥያቄ የሰነድ ጥያቄ ነው፤ የአንድ ሰው ዓይን ሲጠፋ ማን ይጽፈዋል? ለምንስ ይጽፈዋል?

ለጥያቄው እጅግ የተሟላ መልስ የምናገኘው ከእንግሊዝ ጦር መዛግብት ስለሆነ ከዚያ ልነሣ። እ.ኤ.አ. በ1801 ፈረንሳዮችን ከግብፅ ለማስወጣት የዘመተው ጦር «የግብፅ የዓይን ሕመም» የተባለ ተላላፊ በሽታ ይዞ አገሩ ገባ። ሐኪሙ ጆን ቬች እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ700 በላይ ወታደሮች በነበሩበት በ52ኛው ሬጅመንት ውስጥ በአንድ ዓመት ብቻ 636 ሕሙማን መቈጠራቸውን ጽፏል። ከእነዚህ 50ዎቹ ሁለቱንም ዓይናቸውን፣ 40ዎቹ ደግሞ አንዱን አጥተው ተሰናብተዋል። ይህን ያህል የምናውቀው የዘመኑ ሹማምንት ለዓይነ ስውር በተለየ ርኅራኄ ስላሰቡ አይመስለኝም። ተሰናባቹ በቼልሲ ከሚገኘው የጡረታ ቦርድ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ዕድሜው፣ የትውልድ ቦታው፣ የቀድሞ ሙያውና የተሰናበተበት ምክንያት መጻፍ ነበረበት። በዚያው ዘመን በገጠር መኳንንት ርስት ላይ ያገለግሉ የነበሩት ልብስ አጣቢዎች፣ ወጥ ሠሪዎችና የፈረስ ባልደራሶችስ? የቤቱ የሒሳብ መዝገብ ደመወዛቸውንና የተሰፋላቸውን ልብስ ይነግረናል። ዓይናቸውን ግን ዕዳ አድርጎ የሚከፍልላቸው ስላልነበረ፣ በአብዛኛው የምናየው አንድ ስም ቀርቶ በቦታው ሌላ ስም መግባቱን ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመሬት ሥሪቱንና የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍሎች በዝርዝር አኑረውልናል። ይሁንና እንዲህ ያለ ሰነድ የሚመዘግበው ሰውየው የሚሰጠውን አገልግሎትና የተሰጠውን መሬት እንጂ አካሉን አይደለም። ወታደሩ በአብዛኛው በማደሪያ መሬት የሚተዳደር ስለነበር፣ ዓይኑ ሲጠፋ ሸክሙ የዘመድ ሆነ። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ «ጦረ» ከሚለው ግስ መምጣቱን እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መጦር የልጅ ግዴታ እንጂ የመዝገብ ቤት ሥራ አልነበረም። መንግሥት ሠራተኛውንና ወታደሩን በሰፊው የሚጦርበት ሕግ የወጣው በ1953 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ላይ ነው ፎገራ የምትገባው። ትራኮማ ጥይት አይደለም፤ አንድ ቀን መትቶ አያሳውርም። በሕፃንነት የሚደጋገመው ልክፈት የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠባስሳል፤ ጠባሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቆቡን ይቀለብሰዋል፤ የተቀለበሰው ፀጉር ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከወረታ ገጠር ተነሥቶ ወታደር ቤት የገባ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ቢታወር፣ ሕመሙ የጀመረው በሦስት ዓመቱ በእናቱ ጓዳ ሊሆን ይችላል። የጡረታ ሕግ ዘወትር የሚጠይቀው «ጉዳቱ የደረሰው በአገልግሎት ላይ ነውን?» ብሎ ነው። ለቬች ወታደሮች ይህን መመለስ ቀላል ነበር፤ ሬጅመንቱ አብሮ ታመመ። ለእኛው ሰው ግን ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም፤ እርሱና እዚያው ጎረቤት በባለ ጉልቱ ቤት የቀረችው ፈጪ የሚጋሩት አንድ በሽታ ነውና።

የፎገራ ሜዳ በከብቱ የታወቀ በመሆኑ ብዙዎች ዝንቡን ከበረት ጋር ያያይዙታል። ዓይን ላይ የምታርፈው ትራኮማ አስተላላፊ ዝንብ ግን በዋነኛነት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በከብት እበት አይደለም። ሴቶች ሕፃናትን ስለሚያቅፉ በበሽታው ደጋግመው ይለከፋሉ፤ የፀጉር መቀልበስም ከወንዶች ይልቅ እነርሱን ያጠቃል። ሕፃን አዛዪቱ ገረድ ደግሞ ከዚህ ስሌት የምትወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ለየት ያለ ምስክር አለን፤ ዓይነ ስውር የኔታ። የቅኔና የዜማ መምህራን ስማቸው የተረፈው ተማሪ የመምህሩን ስም ከነሐረጉ ስለሚቈጥር ነው። ወታደሩን ጡረታው፣ መምህሩን ደቀ መዝሙሩ አቈየው። ለፈጪዋ ግን ከሁለቱም አንዱ አልነበራትም።

በክልላችን የበሽታው ስፋት በቊጥር የታየው በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት ነው። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ንቁ ትራኮማ 62.6 በመቶ ሆኖ ሲገኝ አገራዊው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ያ ጥናት የጡረታ ማመልከቻ ስላልነበረ ሕመምተኛውን በማዕርጉ አልመረጠም፤ ዋጋውም ለእኔ ከዚህ ላይ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ወደ ወረታ ብትሄዱ ጊዜው አላለፈም። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ በጌታ ቤት የ15 ዓመት ገረድ የነበረች ሴት ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ተቃርቧል። «ዓይንዎ መቼ ጠፋ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቀኑን አያውቁትም። ወረንጦ ግን ያስታውሳሉ። ፀጉሩን በወረንጦ ማስነቀል የጀመሩት በስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ የሚነቅልላቸው ማን እንደነበረና በዚያን ጊዜ በማን ቤት ያገለግሉ እንደነበር ጠይቋቸው።