«ሰው ምን ይላል?»፦ በደቡብ እስያ የአእምሮ ሕመምን የሸሸገው ፍርሃት

በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል መንደሮች አንድ ቤተሰብ የአእምሮ ሕመም የገጠመውን ልጁን ወደ ሐኪም ከመውሰዱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። በሂንዲ ቋንቋ «ሎግ ክያ ካሄንጌ?» ይሉታል፤ «ሰው ምን ይላል?» ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አባባል አይደለም። ሕመሙ ወባ ወይም የእግር ስብራት ቢሆን ጥያቄው አይነሳም ነበር።

የፍርሃቱ ዋና ሥር ጋብቻ ነው። በአካባቢው አብዛኛው ጋብቻ በወላጆች ስምምነት የሚፈጸም በመሆኑ፣ የሌላውን ወገን ዘር አስቀድሞ ማጥናት የተለመደ ነው። በቤቱ የአእምሮ ሕሙም ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እንዳለ ከተሰማ፣ ጤነኛዋ እኅቱ ጭምር ጠያቂ ታጣለች ተብሎ ይሰጋል። ስለዚህ መደበቁን ጭካኔ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የቀሩትን ልጆች ዕድል ለማትረፍ የሚደረግ ስሌትም አለበት። ሕመሙን ካለፈ ሕይወት ኀጢአት፣ ከጂን ወይም ከሰው ዓይን ጋር ማያያዝ ደግሞ ሸክሙን ያከብደዋል፤ ጥፋቱ ዞሮ በታማሚው አለዚያም በእናቱ ላይ ይወድቃልና።

እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 በሕንድ 12 ክልሎች የተካሄደው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ጥናት፣ ከ100 አዋቂዎች ከ10 በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህም እንደ ሕመሙ ዓይነት ከ70 እስከ 92 በመቶ የሚሆኑት ሕክምና አያገኙም። ምክንያቱ እፍረት ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ሐኪም ጥቂት ነው፣ ያለውም በከተማ ነው።

የድብቅነቱ መጨረሻ እስከ ምን እንደሚደርስ በታሚል ናዱ ክልል ኤርዋዲ በተባለች መንደር ታይቷል። ሐምሌ 30 ቀን 1993 ዓ.ም. በዚያ በነበረ ማቆያ ቤት ሌሊት እሳት ተነሣ። በሰንሰለት ታስረው የነበሩ 28 ሕሙማን ማምለጥ ሳይችሉ ሞቱ። ቤተሰቦቻቸው ያመጧቸው በሥፍራው ባለው የሙስሊሞች መቃብር ፈውስ ይገኛል ብለው ነበር። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በራሱ ተነሣሽነት ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግም ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰርን በግልጽ ከልክሏል።

ኦቲዝምና ዲስሌክሲያ ግን ከዚህ ሁሉ ተለይተው መታየት ይገባቸዋል። አእምሮ ከሌላው በተለየ መንገድ ከማደጉ የሚመጡ ናቸው እንጂ በክኒን የሚድኑ ሕመሞች አይደሉም። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ፊደል ይምታታበታል፤ በመምህሩም በአባቱም ዘንድ ሰነፍ ይባላል። የሕንድ ፊልም የሚወድ የከተማ ነዋሪ ይህን ታሪክ አሚር ኻን እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው «ታሬ ዛሚን ፓር» አይቶት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሕንድ በሕግ የምታውቃቸውን የአካል ጉዳት ዓይነቶች ከ7 ወደ 21 ስታሳድግ፣ ኦቲዝምና የመማር ችግር በዝርዝሩ ተካተዋል።

እፍረቱን ለማለፍ ከተገኙት መንገዶች አንዱ የቃል ምርጫ ነው። ኔፓላውያን «ዲማግ» የሚሉት የሚያስበውን አእምሮ ሲሆን፣ «ማን» የሚሉት ደግሞ ኀዘንና ናፍቆት የሚያድሩበትን ልብ ነው። የ«ዲማግ» ሕመም እብደት ተብሎ ያስነውራል። የ«ማን» ሕመም ግን ማንንም ሊደርስበት የሚችል ነው። ስለሆነም ባለሙያዎች ከድባቴ ጋር የሚታገልን ሰው ስለ ልቡ መጠየቅን መረጡ፤ ታማሚውም አፉን ከፈተ።

በሕንድ ጉጃራት ክልል፣ መህሳና በተባለው አውራጃ፣ «አትሚያታ» የተሰኘ መርሐ ግብር የመንደሩን ነዋሪዎች ራሳቸውን አሠልጥኗል። በጎ ፈቃደኞቹ የተጨነቀ ጎረቤታቸውን በማሳው ወይም በደጁ ያነጋግራሉ፤ አጫጭር ፊልሞችን በስልክ ያሳያሉ፤ የመንግሥት ድጎማ የሚገባውን ሰው ማመልከቻ ያስሞላሉ፤ ሕመሙ የጸናበትን ወደ ሐኪም ይልካሉ። ድጎማው መታከሉ ብልህነት ነው፤ ዕዳ ያስጨነቀውን ገበሬ ማጽናናት ብቻውን አይበቃውምና። በዚያው አውራጃ ሚራ ዳታር በተባለው የሙስሊሞች ቅዱስ ሥፍራ አጠገብ ደግሞ ክሊኒክ ተከፍቷል። ጸሎት የሚያደርሱት አባቶች ሕሙማኑን ወደዚያ ይመራሉ፤ አሠራሩም «ዳዋና ዱዓ» ማለትም «መድኃኒትና ጸሎት» ይባላል። ጠበልና ክኒን አብረው ይሄዳሉ ወይ የሚለው ክርክር በኢትዮጵያ ብቻ ያለ አይደለም።

የኢትዮጵያ ተሳትፎም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በተካሄደው «ፕራይም» የተሰኘ የአምስት ሀገሮች ምርምር፣ በሕንድ ሴሆር፣ በኔፓል ቺትዋን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በጉራጌ የሚገኘው የሶዶ ወረዳ ተካተው ነበር። በሶዶ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሠልጥነዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ በጓዳ የተደበቁትን ሕሙማን እየለዩ ወደ ጤና ጣቢያ ልከዋል።