እጅ እንዴት ይማራል? ከአፍደም ግመል አላቢዎች የተገኘ ትምህርት

አፍደም በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ትንሽ የቆላ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከሚያልፍባቸው ጣቢያዎች አንዷ እርሷ ነበረች። ዕድሜያቸው የገፋ ነዋሪዎቿ ስለ አሮጌው ባቡር ሲያወሩ ትናንት ያለፈ ነው የሚመስለው። እኔ ወደዚያ የሄድኩት ለሥራ ጉዳይ ለጥቂት ቀናት ነበር። ይዤው የተመለስኩት ግን ከሥራዬ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን አንድ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ እጅ እንዴት ይማራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ምሽት፣ ቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩና አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ አዛውንት ግመሎቻቸው ወደሚያድሩበት በረት ይዘውኝ ሄዱ። ግመል ሲታለብ አይቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ትርዒት ነው። አላቢው በአንድ እግሩ ይቆማል። የሌላውን እግሩን መርገጫ በቆመበት እግር ጉልበት ላይ ያሳርፋል። በታጠፈው ጭኑ ላይ ማለቢያውን ያስቀምጥና በሁለት እጁ ማለብ ይጀምራል። በዚያ ላይ ጊዜ የለውም። ግመሏ ወተቷን የምትለቀው መጀመሪያ ግልገሏ ሲጠባት ሲሆን፣ የምትለቀውም ለአጭር ጊዜ፣ አንድና ሁለት ደቂቃ ለሚሆን ብቻ ነው። ከአራቱ ጡቶቿም ለግልገሏ የሚተውላት አለ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ቆመው በጥድፊያ ያልቧታል።

ያን ዕለት ከአባቱ ትይዩ ቆሞ ያልብ የነበረው የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ከ12 ዓመት የሚበልጥ አይመስልም። ማለቢያው ከጭኑ ላይ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ ደግሞ እኛ ላይ ነበር፤ እጁ የሚሠራውን ዞር ብሎ እንኳ አያይም።

እስኪ ልሞክር አልኩ። አልከለከሉኝም። በመጀመሪያ ሚዛኔን ሳትኩ፤ ቀጥሎ ማለቢያው አጋደለ፤ በመጨረሻም የያዝኩት ጡት ጠብታ አልሰጥ አለኝ። ከነበረችው ጥቂት ወተት ግማሿ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰች። ድርቅ በሚመላለስበት አገር ወተት ማፍሰስ ቀላል ነገር አይደለምና ደንግጬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያም ልጁን "እንዴት አድርገህ ነው የምትይዘው?" ብዬ በአያቱ በኩል አስጠየቅሁት። ልጁ ጥቂት አሰበና "እንዲህ" ብሎ እጁን ከማሳየት በስተቀር የሚለው አጣ።

"ልጄ፣ ይኼ በአፍ አይነገርም" አሉኝ አዛውንቱ። "እሱም ስንቴ አፍስሷል። ሳያፍስ የለመደ የለም። አሁን እጅህን ማየት ተውና ወተቱ ሲወርድ ድምፁን ስማ፤ ድገመው።"

ይህን ስሰማ አዲስ አበባ የተውኳቸው አባቴ ትዝ አሉኝ። ከወራት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ደክሞ ነበር። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳያፈሱ ሌት ተቀን ስንጠብቃቸው ነው የከረምነው። ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ሰውነት አንድን ሙያ የሚማረው እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

እጅ የሚያውቀው፣ አፍ የማይናገረው

የአፍደሙ ልጅ ማስረዳት ያቃተው ስለማያውቅ አይደለም። በአንጎላችን ውስጥ የሚነገር ዕውቀትና የሚሠራ ዕውቀት የሚቀመጡበት መንገድ ይለያያል። ለዚህ የታወቀው ማስረጃ ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 ከሚጥል በሽታው ለመገላገል የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ ተሳነው። ቀድሞ ያገኘውን ሐኪም ጥቂት ቆይቶ ሲያየው አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ተመራማሪ ይህንኑ ሰው እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ መስመር ተከትሎ በእርሳስ እንዲሄድ አደረጉት። ለማንኛችንም አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ እጅ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ሞላይሰን በሦስት ቀናት ልምምድ ስህተቱ እየቀነሰ፣ እጁ እየተስተካከለ ሄደ። የሚገርመው ግን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ አያስታውስም ነበር። ሰውየው ረሳ፣ እጁ አልረሳም።

መኪና መንዳት የተማረ አንባቢ ይህን ከራሱ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ማርሽ ማስገባት፣ ነዳጅ መስጠት እያንዳንዳቸው በቃል የሚታዘዙ ናቸው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከኋላ ጡሩምባ ይነፋል፣ ተማሪው በላብ ይጠመቃል። ወራት ሲያልፉ ግን ያው ሰው ማርሽ እየቀየረ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። ፖል ፊትስና ማይክል ፖስነር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጉዞ በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። የመጀመሪያው እያሰቡ መሥራት ነው፤ ሁለተኛው እያስተካከሉ ማያያዝ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳያስቡ መሥራት። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይረሳዋል። ጥሩ ባለሙያ ሁሉ ጥሩ አስተማሪ የማይሆነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ስህተት ለምን ያስፈልጋል?

ሙሉ መስሎን ባዶ ጀሪካን ስናነሳ ምን ይሆናል? ክንዳችን ሽቅብ ይወረወራል። ምክንያቱም አንጎላችን ጡንቻን ከማዘዙ በፊት የሚሆነውን ይገምታል። ግምቱና የሆነው ነገር ሲለያዩ ልዩነቱ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ማረሚያ ይሆናል። በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ከራስ ቅላችን ኋላ በታች በኩል የሚገኘው ትንሹ አንጎል ነው። እንግዲህ ስህተት ከሌለ ልዩነት የለም፤ ልዩነት ከሌለ የሚታረም የለም። ሁለተኛውን ጀሪካን በልኩ የምናነሳው በመጀመሪያው ስለተሳሳትን ነው።

ይህን ከሕፃናት በላይ የሚያሳይ የለም። ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 ወር የሆኑ ሕፃናት በነፃነት ሲጫወቱ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፣ 17 ጊዜም ይወድቃሉ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው ተረታችን እንቁላሉ በመንገድ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አይነግረንም እንጂ እውነቱን ነው።

ድግግሞሽ ሁሉ አንድ አይደለም

ታዲያ ደጋግሞ መሥራት ብቻ ይበቃል ማለት ነውን? አይበቃም። ሩሲያዊው ኒኮላይ በርንስታይን በ1920ዎቹ በሞስኮ የሠራተኞችን የመዶሻ ምት በፎቶግራፍ ሲያጠና፣ የተካነ ሠራተኛ መዶሻውን ዒላማው ላይ በትክክል ቢያሳርፍም የትከሻው፣ የክርኑና የእጅ አንጓው እንቅስቃሴ ግን በየምቱ እንደሚለያይ አስተዋለ። የሚለመደው አንድ የተቀረጸ እንቅስቃሴ ሳይሆን፣ ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር ወደ ግቡ የሚያደርስ መንገድ ማግኘት ነው ማለት ነው። የአፍደሟ ግመልም አንድ ቦታ አትቆምም፤ መሬቱም ወጣ ገባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ የኬርና የቡዝ ሙከራ ይህንኑ ያጠናክራል። ልጆች ትናንሽ ከረጢቶችን ወደ ዒላማ እንዲወረውሩ ተደረገ። ገሚሶቹ የተለማመዱት ከአንድ ርቀት ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ከዚያ በቀረበና ከዚያ በራቀ ቦታ እየተፈራረቁ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም የተፈተኑት በመካከለኛው ርቀት፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ በተለማመዱበት ቦታ ሆኖ ሳለ የተሻለ ያነጣጠሩት እያፈራረቁ የተለማመዱት ሆኑ። እረኛ ልጅ ከመንጋ የወጣችን ፍየል በጠጠር ሲመልስ ርቀቱን ማንም አይለካለትም። ልጅነታችንን ያሳለፍንበት ቅልልቦሽም እንዲሁ ነው። አንዷን ጠጠር ሽቅብ ወርውሮ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት እየለቀሙ መቅለብ ከደረጃ ደረጃ የሚያሸጋግር ትምህርት ቤት ነው።

ጊዜን ማከፋፈልም ልዩነት ያመጣል። ባደሌይና ሎንግማን በዚያው በ1978 ባወጡት ጥናት የብሪታንያ ፖስታ ሠራተኞች በቁልፍ ሰሌዳ መጻፍ ሲማሩ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተለማመዱት፣ በቀን አራት ሰዓት ከተለማመዱት ይልቅ በጥቂት ጠቅላላ ሰዓት ለምደዋል። ይሁን እንጂ በሥልጠናው እምብዛም ያልረኩት እነዚሁ ነበሩ፤ በቀን ሲቆጠር ትምህርታቸው የተንዛዛ መስሏቸዋልና። በልምምዶች መካከል የሚመጣው እንቅልፍ የተማሩትን ለማደላደል እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ።

የአዛውንቱ "ድምፁን ስማ" የሚለው ምክርስ? እ.ኤ.አ. በ1998 ጋብሪየለ ቩልፍና ባልደረቦቿ በበረዶ ሸርተቴ መለማመጃ መሣሪያ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ሐሳባቸውን በእግራቸው ላይ ካሳረፉት ይልቅ እግራቸው በሚገፋው መሣሪያ ጎማዎች ላይ ያሳረፉት በተሻለ ለምደዋል። ሰው የራሱን አካል ሲቆጣጠር ይንቀረፈፋል፤ ግቡን ሲያይ አካሉ መንገዱን ያገኛል። አፍደም ላይ በሁለተኛው ሙከራዬ ወተቱን ሳዳምጥ ጥቂት ወረደልኝ። አላቢ ሆንኩ ማለት አይደለም፤ ማለቢያውን ግን አልደፋሁትም።

የአባቴ ሲኒ

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ውበት በሠፈሩ የተመሰከረ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ ጣቶቻቸው ትንሽ ይንቀሳቀሱ ነበር። እኛ ግን ምግብ አጎረስናቸው፣ ቁልፋቸውን ቆለፍንላቸው፣ ቡናውን ከንፈራቸው ድረስ አቀረብንላቸው። በእኛ ባህል ጉርሻ ፍቅር ነውና ማንም ክፉ አላሰበም። የምትከታተላቸው ፊዚዮቴራፒስት አንድ ቀን "የምታደርጉላቸው ነገር ሁሉ እኮ የሳቸው ልምምድ ነው፤ እየወሰዳችሁባቸው ነው" ስትለን ጨካኝ መስላኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስትሮክ የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። የተረፈው ክፍል ግን በልምምድ የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊረከብ ይችላል። በሽተኛው በደከመው እጁ ሞክሮ በወደቀበት ቁጥር በደህናው እጁ ወይም በቤተሰቡ መተካት ከለመደ ግን መሞከሩን ራሱ ይተዋል። ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ ተመራማሪ ይህን "አለመጠቀምን መልመድ" ብለውታል። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ሕክምና ደህናውን እጅ በጓንት አስሮ የደከመውን በብርቱ ማሠራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈው፣ ለሁለት ሳምንት ይህን ሕክምና ያገኙት የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት የበለጠ የእጅ አጠቃቀም መሻሻል አሳይተዋል፤ መሻሻሉም ከዓመት በኋላ ታይቷል። በእርግጥ ይህ ሕክምና ጣቱና የእጅ አንጓው ጨርሶ ለማይንቀሳቀስ ሰው አይሆንም። መቼና ምን ያህል የሚለውም የባለሙያ ውሳኔ እንጂ የቤተሰብ ግምት አይደለም።

ከአፍደም ስመለስ ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር ተነጋገርን፤ ፊዚዮቴራፒስቷንም አማከርን። በየቀኑ ለአጭር ጊዜ፣ ሥራውን እየለዋወጥን ጀመርን። አባቴ ግማሽ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ አነሱ። ከእናቴ ጋር ምስር ለቀሙ። ከልጄ ጋር የቅልልቦሽ ጠጠር፣ መቅለቡ ቀርቶ ማንሳትና ማስቀመጥ ብቻ ተጫወቱ። ሲኒ ላይ የደረስነው ከሳምንታት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቡና ነጭ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። እናቴ ብድግ አሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ማንም አልተናገረም። አባቴም "ድገሚልኝ" ብለው ሲኒውን ዘረጉ።

የአባቴ እጅ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ምናልባትም አይሆንም። ባለፈው ጊዜ ባንክ ቤት በቀኝ እጃቸው ሲፈርሙ ፊርማው ከተቀመጠው ናሙና ጋር አልገጥም አለና አዲስ ናሙና እንዲሰጡ ተጠየቁ። ወረቀቱ ላይ በዝግታ፣ ምላሳቸውን ነክሰው ሦስት ጊዜ ፈረሙ። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፤ ሆኖም የእርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ልጄ የጫማዋን ክር ለማሰር ስትታገል አጠገቧ ቁጭ ብዬ መጠበቅ እየለመድኩ ነው። ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔም ገና መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነኝ። በቤታችሁ የሚማር እጅ ካለ፣ የሕፃንም ይሁን የሕመምተኛ፣ ሲያፈስ ጨርቅ ብናቀብል እንጂ ሲኒውን ባንነጥቅ መልካም ነው።