ቋሚ ቁጥር የት ይቀመጥ?

የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አዲስ ቅዳም በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ትገኛለች። በዚህች ከተማ በትክክል አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ሰቅለን በትንሹ ብናወዛውዘው፣ 100 ሙሉ ውዝዋዜ ለመፈጸም 200.9 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዓለም አቀፍ ስምምነት የተወሰነውን የስበት ፍጥንጥነት፣ ማለትም 9.80665 ሜትር በሰከንድ ካሬን ወስደን ብናሰላ ግን የምናገኘው 200.6 ሰከንድ ነው። በጥንቃቄ የለካ ተማሪ እዚህ ላይ «ተሳሳትሁ» ብሎ ውጤቱን ሊሰርዝ ይችላል። ስሕተቱ ግን የእርሱ አይደለም። ምድር በመሽከርከሯና ወገቧ ላይ በመስፋቷ ለምድር ወገብ በቀረበ፣ በዚያም ላይ ከፍታ ባለው ሥፍራ ስበት ይቀንሳል፤ በአዲስ ቅዳም 9.78 ገደማ ነው።

አሁን ይህን ሙከራ የሚያግዝ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ እንሠራለን እንበል። አንዱ ስክሪፕት የፔንዱለሙን ጊዜ፣ ሁለተኛው የነጻ ውድቀትን ያሰላል፤ ሦስተኛው ግራፍ ይሥላል። ቁጥሩን በየስክሪፕቱ ብንጽፈው በአንዱ 9.8፣ በሌላው 9.81፣ በሦስተኛው 10 ሆኖ ይቀራል፤ አንዱ ፕሮግራም ከራሱ ጋር ይጣላል። መፍትሔው ቋሚዎቹን በአንድ ፋይል ጽፎ ሌሎቹ ስክሪፕቶች ከዚያ እንዲያስመጡ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ፓይተን ያን ፋይል የሚጭነው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም የሚያዩት ያንኑ ቁጥር ነው።

ይሁንና ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ፓይተን ባልተጫነበት የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ስክሪፕቶቹን እንደ ፓይኢንስቶለር ባለ መሣሪያ ጠቅልለን ራሱን የቻለ ፕሮግራም ስናደርጋቸው፣ የቋሚዎቹ ፋይልም አብሮ ይታሸጋል። መምህሩ 9.80665ን በ9.78 ልተካ ቢል መንገድ አያገኝም።

ስለዚህ ቋሚዎችን በሁለት እንከፍላለን። የብርሃን ፍጥነት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ 299,792,458 ሜትር በሰከንድ ተብሎ ተደንግጓል፤ የትም ቦታ አይለወጥምና ይታሸግ። የስበት ፍጥንጥነትን የመሰለ የሥፍራ ቁጥር ግን በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ፤ ፕሮግራሙም ሲነሣ ያንብበው። ፋይሉ ፕሮግራሙ ጥቅሉን ለጊዜው በሚፈታበት ማኅደር ሳይሆን፣ ተማሪው በሚከፍተው ፕሮግራም ጎን መሆን አለበት።

ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያውም ይጻፍ። ወደ ማርስ የተላከችው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው፣ አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ መለኪያ ያወጣውን ውጤት ሌላው በኒውተን የተሰላ አድርጎ ስለተቀበለው ነበር።

የአዲስ ቅዳሙ ተማሪ ልዩነት ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ነገር ግን ያን ልዩነት በዓይኑ አይቶ «ቁጥሩ ከየት መጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ከፈለግን፣ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቦታ አንድና ግልጽ ልናደርግለት ይገባል።