ዎልነት ስትሪት ድልድይ፦ ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

መኪና የማይሻገረው አሮጌ ድልድይ ምን ይደረግ? በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የምትገኘው የቻታኑጋ ከተማ ይህን ጥያቄ ለመመለስ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶባታል። ውሳኔው ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ እልባት ያገኘው ደግሞ ከዚያም በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው።

ድልድዩ አገልግሎት የጀመረው በ1891 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 720 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ በቴነሲ ወንዝ ላይ ተዘርግቶ መሀል ከተማውን ከሰሜኑ ዳርቻ ጋር ያገናኛል። በ1917 በአቅራቢያው የማርኬት ስትሪት ድልድይ ተሠራ። አሮጌው ግን እያደር እየተጎዳ ሄዶ በ1978 ለተሽከርካሪ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተጀመረ። ይፍረስ የሚሉት ወገኖች ምክንያታቸው ቀላል የሚባል አልነበረም። ድልድዩ በሦስት ማዕዘን እየተያያዙ በተገጣጠሙ የብረት ዘንጎች የቆመ ነው። እንዲህ ባለው አሠራር ሸክሙን የሚከፋፈሉት ዘንጎቹና መጋጠሚያዎቻቸው ስለሆኑ፣ ዝገት አንዱን ቢበላው አደጋው ለሌላውም ይተርፋል። መኪና ለማያሳልፍ ድልድይ ያን ሁሉ ብረት መጠገን ለብዙዎች አልዋጥ ቢል አያስገርምም።

ይቆይ ያሉት ነዋሪዎች ግን ጥያቄውን ለወጡት። ድልድዩ የጭነት መኪና መሸከም ቢያቅተው፣ እግረኛስ አያሻግርም? ለማፍረሻ የታሰበው የፌዴራል መንግሥት ገንዘብስ ለጥገና ቢውል? በዚህ መንገድ ተገፍቶ ገንዘቡ ለጥገናው ዋለ፤ ነዋሪውም ከኪሱ አዋጣ። በ1993 ድልድዩ የእንጨት ሳንቃ ተነጥፎለት ለእግረኛ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህም ሯጩም፣ ልጅ የያዘውም፣ ሽማግሌውም የሚመላለስበት የከተማዋ መለያ ሆኗል። በእርግጥ ወጪው በዚያ አላበቃም፤ ሳንቃ ይበሰብሳል፣ ብረትም ቀለም ይፈልጋል። ድልድይን ለማቆየት የወሰነ ከተማ የጥገና በጀቱንም አብሮ መወሰን አለበት።

ድልድዩ ግን ሌላም ታሪክ ተሸክሟል። በ1893 አልፍሬድ ብላውንት፣ በ1906 ደግሞ ኤድ ጆንሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን በመንጋ ፍርድ የተገደሉት እዚሁ ድልድይ ላይ ነው። ጆንሰን በደካማ ማስረጃ ሞት ተፈርዶበት ነበር። ኖዋ ፓርደን እና ስታይልስ ሀቺንስ የተባሉት ጥቁር ጠበቆቹ ጉዳዩን እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው ቅጣቱ እንዳይፈጸም እግድ አስወጡ። እግዱ በተሰጠ ዕለት ሌሊት ግን መንጋው ከእስር ቤት አውጥቶ ድልድዩ ላይ ሰቀለው፤ በጥይትም ደበደበው። በዚህ የተነሣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታሪኩ ብቸኛ የሆነውን የወንጀል ችሎት አስችሎ፣ በ1909 የካውንቲውን ሸሪፍ ጆሴፍ ሺፕን ጨምሮ ስድስት ሰዎችን በችሎት መድፈር ጥፋተኛ አላቸው። በጆንሰን ላይ የተላለፈው ፍርድ የተሻረው ግን በ2000 ነው።

ድልድዩ ለእግረኛ ሲከፈት ይህን ሁሉ የሚዘክር ሐውልት አልቆመም ነበር። የጆንሰንና የሁለቱ ጠበቆቹ ምስል ያለበት መታሰቢያ በደቡባዊው ጫፍ የተመረቀው በመስከረም 2021፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ቻታኑጋ ለሌሎች ከተሞች የምታስተምረው እዚህ ላይ ነው። የመሐንዲስ ሪፖርት ብረቱ ስንት ቶን እንደሚችል ይናገራል፤ ድልድዩ ለማን እንደሚያገለግልና ምን እንደተፈጸመበት ግን ሊናገር አይችልም። ያንን መመለስ የነዋሪው ድርሻ ነው። ድልድዩ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ መታሰቢያው ግፉ በተፈጸመበት ድልድይ እግር ሥር ሊቆም ባልቻለ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ድልድይ ያለው ከተማ ሁሉ የማፍረሻ ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ነዋሪውን ይጠይቅ፤ በተለይም በድልድዩ ላይ የተበደሉትን ወገኖች።