ተረትና እውነታ፦ የምስጠራ ኮድ የሚያረጀው ሲጠብቅ ነው

በሶፍትዌር ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። የምስጠራ ኮድ አንዴ በትክክል ከተጻፈ፣ በባለሙያ ከተመረመረና ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ባይነካ ይሻላል ይባላል። እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ስልት በ1977 ሲቀርብ የቆመበት ሒሳብ ዛሬም አልፈረሰም፤ የቁልፉ ርዝመት አደገ እንጂ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሌላው የምስጠራ ስልት ኤኢኤስም በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መስፈርት ሆኖ ከጸደቀ ወዲህ ያው ኤኢኤስ ነው። ታዲያ ሒሳቡ ሳያረጅ ኮዱ በምን ያረጃል? ነገሩ እንዲህ ነው፦ በምስጠራ ላይብረሪዎች ውስጥ ካለው ኮድ ሒሳቡ ጥቂቱ ነው። የቀረው መልእክት ይቀበላል፣ ግማሹ ብቻ ሲደርሰው ቀሪውን ይጠብቃል፣ ሜሞሪ ይይዛል፣ ይለቅቃል፣ ማን ምን እንዳለ ያስታውሳል። ከዚህም ሁሉ ቶሎ የሚያረጀውና ሲያረጅም የማያስታውቀው የሚጠብቀው ክፍል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ ማስረጃውን በዋናነት የምወስደው በ1998 ከተጀመረውና እጅግ ብዙ የዓለም ሰርቨሮች ከሚጠቀሙበት የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ ከኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በፓይተን ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣትም ስሙን ሳይጠራው ይህንኑ ላይብረሪ ይጠቀማል፤ የፓይተን የኤስኤስኤል ሞጁል የተሠራው በእሱ ላይ ነውና።

ፕሮግራመሮች «አሲንክሮነስ» የሚሉት ኮድ አንድን ሥራ አስጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ የማይጠብቅ፣ ሌላ ሥራ እየሠራ ቆይቶ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ነው። ወጡን ጥዳ እስኪበስል እንጀራ የምትጋግር ሴት የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ አደጋውም የእሷው አደጋ ነው፤ ወደ ድስቱ ስትመለስ ጨው ጨምራ እንደነበር ማወቅ አለባት። አሥር ሺህ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ቆሞ ቢጠብቅ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ የምስጠራ ላይብረሪ በየጊዜው «ገና ነው፣ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ይኖርበታል። አንዳንዴ የሚጠበቀው ከኔትወርክ የሚመጣ መረጃ ነው። አንዳንዴ ከባዱን ስሌት ለመሥራት ተብሎ የተገጠመ የተለየ ካርድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የግል ቁልፉ በዚያ ማሽን ላይ ስላልተቀመጠ ፊርማው ከሌላ ቦታ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሥራው በተቋረጠበትና በሚቀጥልበት መካከል ባለችው ክፍተት ውስጥ ላይብረሪውና ተጠቃሚው ፕሮግራም ውል አላቸው፦ ማን ምን ይዟል፣ ማን ምን መንካት የለበትም። ውሉ ግን በየትኛውም አንድ መስመር ላይ ተጽፎ አይታይም።

አንዱን ውል ቀረብ ብለን እንመልከተው። አንድ ፕሮግራም በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በኩል መረጃ ሲልክ ላይብረሪው «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ድገመው» ብሎ ሊመልስለት ይችላል። ሲደግመው ያንኑ መረጃ፣ ከዚያው የሜሞሪ አድራሻ መስጠት አለበት፤ ካልሆነ ላይብረሪው የድጋሚ ሙከራው ስህተት ነው ብሎ ግንኙነቱን ያከሽፈዋል። ምክንያቱ ላይብረሪው በመጀመሪያው ጥሪ መረጃውን አመስጥሮ፣ ማረጋገጫውን ለጥፎ፣ በራሱ ጊዜያዊ ማቆያ (በፈር) ውስጥ አስቀምጦታል፤ የቀረው መላኩ ብቻ ነው። በመሐል ሌላ መረጃ ቢሰጠው «ላክሁ» የሚለውና በእርግጥ የሄደው ይለያያሉ። አድራሻው ቢቀየር ግድ የለም የሚያሰኝ ቅንብር አለ፤ በዚያ ቅንብርም ቢሆን ይዘቱ ያው መሆን አለበት። ፕሮግራሙን በመጀመሪያ የጻፈው ሰው ይህን ያውቅ ይሆናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሜሞሪ ለመቆጠብ ብሎ የፕሮግራሙን በፈር ቶሎ የሚለቅቅ ማሻሻያ የሚያስገባው ሌላ ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። በፈጣን ኔትወርክ ላይ «ቆይተህ ድገመው» የሚለው መልስ ብርቅ ስለሆነ ፍተሻውም ሁሉ ያልፋል። ስህተቱ የሚወጣው ኔትወርኩ የተጨናነቀ ዕለት ነው።

ሁለተኛው ተረት «ጥገና ቢበዛ ቢበዛ ጥቅሙ ያንሳል እንጂ ጉዳት የለውም» የሚለው ነው። በመስከረም 2016 በአራት ቀን ውስጥ የሆነው ይህን ያፈርሰዋል። መስከረም 22 ቀን የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ቡድን 1.1.0ኤ የተባለውን ስሪት አወጣ። በውስጡ ካሉት ማስተካከያዎች አንዱ ትልቅ መልእክት እመጣለሁ ብሎ ገና ሳይመጣ ሰርቨሩን ብዙ ሜሞሪ የሚያስይዝ ተንኮልን ለመከላከል የተሠራ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፦ ሜሞሪውን አስቀድሞ ከመያዝ መልእክቱ በደረሰ ቁጥር ማስፋት። ነገር ግን መልእክቱ ከ16 ኪሎባይት ገደማ ሲያልፍ በፈሩ እንዲሰፋ ተብሎ ወደ ሌላ አድራሻ ይዛወራል፤ ቀሪው የሚጻፍበትን ቦታ የሚያመለክተው ፖይንተር ግን አሁንም የድሮውን አድራሻ ይጠቁማል። የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ መጻፍ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን ሊጥል፣ ከከፋም የአጥቂውን ኮድ ሊያስኬድ ይችላል። መጀመሪያ ከተስተካከለው ችግር ይልቅ ማስተካከያው ያመጣው ችግር ስለከፋ በከፍተኛው የአደገኝነት ደረጃ ተመደበ፤ መስከረም 26 ቀን 1.1.0ቢ ወጣ። ማስተካከያውን የጻፈው ሰው ሰነፍ ነበር ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ስህተትም ነው። መልእክቱ ባንድ ጊዜ ተጠናቆ ቢደርስ ኖሮ የድሮውን አድራሻ ይዞ የሚጠብቅ አካል አይኖርም ነበር። አደጋው የተወለደው መልእክቱ እየተቆራረጠ ስለሚደርስና በቁርጥራጮቹ መካከል ኮዱ ስለሚጠብቅ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት የተቀየረውን መስመር ብቻ ደጋግሞ በማንበብ አይገኝም፤ ያልተቀየረው መስመር ምን እንደያዘ ማወቅ ይጠይቃል።

«እንግዲያውስ አለመንካቱ ይሻላል» የሚል ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ከምሰማቸው ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ችግሩ ኮዱን ባንነካውም ሥሩ ያለው መሬት ይነቃነቃል። በነሐሴ 2016 የወጣው 1.1.0 ሥራን በመሐል አቁሞ በኋላ የሚቀጥል ዘዴ ይዞ መጣ። በዩኒክስ ዘር ሲስተሞች ላይ ይህ ዘዴ የቆመው የፕሮግራሙን ስታክ (ሥራው የት እንደደረሰ የሚመዘገብበትን ሜሞሪ) በሚቀያይሩ የቆዩ ፈንክሽኖች ላይ ነው። እነዚህ ፈንክሽኖች ግን በ2008 የእነዚህ ሲስተሞች የጋራ መስፈርት ከሆነው ከፖዚክስ ተሰርዘዋል። በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ያለው መሠረታዊ ላይብረሪ ጂሊብሲ ይዟቸው ቀጠለ፤ የአልፓይን ሊኑክስ መሠረት የሆነው መስል ግን አልያዛቸውም። ስለዚህ ያው ኮድ አንዱ ዘንድ ያቆማል፣ ይቀጥላል፤ ሌላው ዘንድ ችሎታው ጭራሽ የለም። ላይብረሪው «እዚህ ይቻላል ወይ» ብሎ መጠየቂያ ፈንክሽን ያለው ለዚህ ነው፤ ሳይጠይቅ የሚጠቀም ፕሮግራም ከአንዱ ሊኑክስ ወደ ሌላው ሲዛወር ይደናገራል። ኮምፓይለሩም እንዲሁ አያርፍም። በ2024 የካይበር የምስጠራ ስልት ናሙና ኮድ ላይ የታየው ይህ ነው። ኮዱ የተጻፈው ምስጢሩ ምንም ይሁን ምን እኩል ጊዜ እንዲወስድ ታስቦ ነበር፤ ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር ግን በአንዳንድ ቅንብሮች ፍጥነት ለመጨመር ብሎ በምስጢሩ ላይ የተመሠረተ ቅርንጫፍ አስገባበት፤ ጊዜውን በመለካት ቁልፉን ማውጣት ተቻለ። ከምንጩ ኮድ አንዲት ፊደል አልተነካችም። አለመንካት ጥበቃ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

«ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ብዙ ዓይን ያየዋል» የሚለውን ብዙ አላቆይበትም፤ ሚያዝያ 2014 ላይ ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ስህተት ይፋ ሲወጣ መልሱ ተሰጥቷልና። ያ ስህተት ለሁለት ዓመት ማንም ሊያነበው በሚችል ኮድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ዓለም ሁሉ የተደገፈበትን ፕሮጀክት ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ይሠራ የነበረውም አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ተሰማ። ለዚህ ክርክር የሚበልጠው ግን ከሁለት ወር በኋላ የተገለጸው ነው። በግንኙነቱ መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች ቁልፍ ሲስማሙ «ከአሁን ጀምሮ በአዲሱ ቁልፍ እንነጋገር» የሚል መልእክት ይለዋወጣሉ። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ይህን መልእክት ቁልፉ ገና ሳይዘጋጅም ይቀበለው ነበር፤ በመሐል የቆመ አጥቂ ቀድሞ ቢልከው ሁለቱን ወገኖች ሊገመት በሚችል ቁልፍ ማነጋገር ይችላል። ስህተቱ ከመጀመሪያው ስሪት ጀምሮ ለ16 ዓመት ያህል ነበር። ሒሳቡን የመረመረ ዓይን አያገኘውም። የሚያገኘው «ይህ ኮድ አሁን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ከጠበቀው የተለየ ቢመጣስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው፤ ዓይን ቢበዛም ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፤ ያም ጥቂት ሰው ጊዜና ደመወዝ ያስፈልገዋል።

ዛሬ በብዛት የሚሰማው ተስፋ ቋንቋን መቀየር ነው። ኮዱ በረስት ቋንቋ ቢጻፍ ኖሮ የመስከረም 2016ቱ ዓይነት ስህተት ኮምፓይለሩን አያልፍም ነበር፤ ይህ እውነት ነው፤ ቀላል ነገርም አይደለም፤ አዲስ ላይብረሪ የሚጀምር ሰው የሲ ቋንቋን ከመምረጡ በፊት ጠንካራ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን ረስት የሜሞሪን ባለቤትነት እንጂ የፕሮቶኮልን ቅደም ተከተል በራሱ አያውቅም፤ ቁልፍ ሳይዘጋጅ መልእክት የሚቀበል ኮድ በረስትም አምሮ ይጻፋል። ከዚህም በላይ ረስት የራሱ የሆነ የመጠበቅ አደጋ አለው። በረስት አሲንክሮነስ ሥራ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሳለ ሊጣል ይችላል፤ ለምሳሌ የጊዜ ገደቡ አለፈ ተብሎ። ግማሹን አንብቦ ግማሹን ሳያነብ የተጣለ ሥራ ያነበበውን ይዞ ይጠፋል፤ ከዚያ የሚከተለው ንባብ ከመልእክቱ ወገብ ይጀምራል። ኮምፓይለሩ እዚህ ላይ ዝም ይላል። የትኛው ፈንክሽን በመሐል ቢጣል ጉዳት እንደሌለው የሚነግረን ሰነዱ ነው፤ ሰነዱ ደግሞ ከኮዱ ጋር አብሮ ካልተጠገነ ያረጃል።

ሌላው ሐሳብ መጠበቁን ጭራሽ ከላይብረሪው ማውጣት ነው፤ እኔም ከሁሉ ይበልጥ ወደዚህ አደላለሁ። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤልና ጉግል በ2014 ከእሱ የገነጠለው ቦሪንግ ኤስ ኤስ ኤል የግል ቁልፉ ሌላ ቦታ ሲሆን የሚያደርጉትን ማነጻጸር ይጠቅማል። የመጀመሪያው ስታኩን ቀይሮ ሥራውን ባለበት ያቆመዋል፤ በመሐል ያለው የላይብረሪው ኮድ መቆሙን እንኳ አያውቅም። ምቾቱ ትልቅ ነው፤ ዋጋውም ትልቅ ነው። አንድ ሥራ ሎክ (ሌሎች እንዳይገቡ የሚከለክል መቆለፊያ) ይዞ ሳለ ቢቆም፣ በዚያው ትሬድ ላይ የሚነሳ ሌላ ሥራ ያንኑ ሎክ ቢፈልግ፣ ሁለቱም ለዘላለም ይጠባበቃሉ። የላይብረሪው ሰነድ ይህንኑ አደጋ ጠቅሶ ሎክ ከመያዝ በፊት መቆምን የሚከለክል፣ ከለቀቁ በኋላ የሚፈቅድ ጥንድ ፈንክሽን ይሰጣል፤ መጥራቱ ግን በጸሐፊው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቦሪንግ ኤስ ኤስ ኤል በበኩሉ «ፊርማው አልደረሰም» ብሎ ወደ ጠሪው በግልጽ ይመለሳል፤ ማቆሚያዋ ነጥብ አንድ ናት፣ ስም አላት፣ ትታያለች። ይህ ለጥገና እጅግ ይሻላል። ታዲያ ሁሉም ለምን እንዲህ አያደርጉም? ቦሪንግ ኤስ ኤስ ኤል ለሕዝብ አጠቃቀም ያልታሰበና አሠራሩ ሳይቀየር ይቆያል የሚል ቃል የማይገባ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ የፈለገውን መሰረዝ ይችላል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ለረጅም ጊዜ በሚደግፋቸው ስሪቶቹ ለዓመታት ቃል ይገባል፤ 1.1.1 ከመስከረም 2018 እስከ መስከረም 2023 አምስት ዓመት ሙሉ ተደግፏል። ብዙ ሰው የተደገፈበትን መጥፎ ውል ማፍረስ መጥፎ ውል ከመጠበቅ የሚከፋበት ጊዜ አለ። ይህን ሚዛን የሚይዙትን ሰዎች «ለምን አታጸዱትም?» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ሚዛኑም በየጊዜው ይለወጣል። በ2021 መስፈርት የሆነው ኩዊክ የተባለው የመረጃ ማጓጓዣ ፕሮቶኮል ሲመጣ በአብዛኛው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ተጠቃሚ ዘንድ እንደ እውነት የተወሰደ አንድ ግምት ወደቀ። በቆየው የማጓጓዣ ፕሮቶኮል በቲሲፒ ላይ የጠፋን መረጃ ደግሞ የሚልከው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ሳይጠራው ቢቆይ ጉዳት የለውም፣ ሁሉም ባለበት ይቆያል። በኩዊክ ግን ደግሞ መላክ፣ ጊዜ መቁጠርና ግንኙነቱ መሞቱን ማወቅ የላይብረሪው ሥራ ሆነ። በኅዳር 2023 በወጣው 3.2 ለደንበኛ ወገን፣ በሚያዝያ 2025 በወጣው 3.5 ደግሞ ለሰርቨር ወገን ኩዊክ ሲገባ፣ መረጃ ባይመጣም ላይብረሪው በየጊዜው መጠራት አለበት የሚል አዲስ ውል አብሮ ገባ፤ እስከ መቼ መጠበቅ እንደሚቻል የሚናገር ፈንክሽንና ጊዜው ሲደርስ ሥራውን የሚያስኬድ ሌላ ፈንክሽን ተጨመሩ። ለቲሲፒ የተጻፈ ፕሮግራም የፕሮቶኮሉን ስም ብቻ ቀይሮ ወደ ኩዊክ ቢገባ ጸጥ ባለ ሰዓት ግንኙነቱ ይሞትበታል።

እንዲህ ያለውን ውል ከሰው ትዝታ አውጥቶ ማሽን እንዲጠብቀው ማድረግ ይቻላል፤ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ራሱ ምሳሌ ትቷል። ሥራን በመሐል የሚያቆመውን ዘዴ ለመፈተን እውነተኛ ካርድ ያስፈልግ ነበር፤ ካርዱ ደግሞ በየሠራተኛው ማሽን ላይ የለም። ስለዚህ ምንም የማያፋጥን፣ ለፍተሻ ብቻ የተሠራ፣ ካርዱን አስመስሎ የሚተካ የውሸት ኢንጂን ጻፉ፤ ሥራ ሲሰጠው ሆን ብሎ ያቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። በእሱ ላይ ፍተሻው በሮጠ ቁጥር በተራ ቀን ብርቅ የሆነው መቆም የዘወትር ነገር ይሆናል። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው አዲስ ሰው ውሉን ሳያውቅ ቢያፈርሰው የሚነግረው ያ ኢንጂን ነው፤ ኮዱ ከጸሐፊው ኮምፒዩተር ሳይወጣ፣ በዚያው ዕለት።