ሦስት ቁጥር መካከለኛ አይደለም

በስዊስ አገር በአልፕስ ተራሮች ላይ ስኪ ለመጫወት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚሆን ነው። ይሁን እንጂ ብዛቱ ብቻውን አደጋውን አያስረዳም። ነፋስ አዲሱን በረዶ ካንዱ ጎን ጠርጎ በሌላው ጎን ይከምረዋል፤ ክምሩም ከሥሩ ካለው ልል በረዶ ጋር ሳይያያዝ ይቀራል። ቁልቁለቱ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያንድ ሰው ክብደት ናዳውን ሊያስነሣው ይችላል።

ስለዚህ በዳቮስ ከተማ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ጥናት ተቋም በብርድ ወራት በየቀኑ የአደጋውን መጠን ከ1 እስከ 5 በቁጥር ያስታውቃል። ሰውን የሚያሳስተው 3 ቁጥር ነው፤ ይኸውም በመካከል ስለሚገኝ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በስዊስ አገር በናዳ ከሚሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት 3 በተባለበት ቀን ነው። 5 ሲባል ሁሉም ይፈራል፤ 3 ሲባል ግን ብዙው ይደፍራል።

በምልክት የተከለሉትን መንሸራተቻዎች ጠባቂዎች መርምረው ይከፍቷቸዋል፤ ማስታወቂያው በተለይ የሚያስጠነቅቀው ከክልሉ ለሚወጣው ነው። በናዳ የተቀበረውን ሰው በሕይወት ለማውጣት ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያውን ለማንበብም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።