ዘገምተኛ ጦር እንዴት ያሸንፋል? የሰንጠረዥ ጨዋታና የ«ወረራ» ጥበብ

«ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ዛሬ በብዛት የሚሰማው በስፖርት ዜና ውስጥ ነው፤ የትኛው ቡድን የደረጃ ሰንጠረዡን እንደሚመራ ሲነገር። በቢሮና በትምህርት ቤት ደግሞ ቁጥር በረድፍና በዓምድ የሚሰፍርበት ሠሌዳ ሰንጠረዥ ይባላል። ቃሉ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የጦርነት ጨዋታ ስም ነበር። ሁለት ተጫዋቾች በስድሳ አራት ቤቶች ላይ ሁለት ሠራዊት አሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን ንጉሥ ለመያዝ የሚፋለሙበት ጨዋታ ነው።

የጨዋታው ሥር በሕንድ ነው። በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» የተባለው ስም «አራት ክፍል ያለው ሠራዊት» ማለት ሲሆን፣ አራቱም እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ጨዋታው በፋርስ አልፎ ወደ ዓረቡ ዓለም ሲደርስ «ሻትራንጅ» ተባለ፤ በእኛ አንደበት ደግሞ «ሰንጠረዥ» ሆነ። አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣው ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ጨዋታውን አይቶ ጽፏል። ጎጃምን ጭምር የተዘዋወረው ዋልተር ፕላውደንም ስለ አጨዋወቱ ማስታወሻ ትቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ማስታወሻዎች ሰብስበው ደንቡን አብራርተዋል። እርሳቸው እንደሚሉት ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ እየጠፋ ሄደ። ይህ ጽሑፍ የጨዋታውን ዋና ጥያቄ ያብራራል፦ አብዛኛው ከቦታው መንቀሳቀስ የሚከብደው ሠራዊት የጦር ሜዳውን ወሳኝ ቦታዎች እንዴት ይይዛል?

ከአሥራ ስድስቱ አሥራ ሁለቱ

የቀድሞው ሰንጠረዥ የሚዘረጋው ብዙውን ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ነበር። በጨርቁ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቅዳጅ እየተሰፋ ስምንት በስምንት ቤቶች ይከፈላሉ። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼስ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቁ አይቀቡም።

እያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ስድስት ጠጠር አለው። በመጀመሪያው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ደር፣ ፈረስ፣ ፊል፣ ፈርዝ፣ ንጉሥ፣ ፊል፣ ፈረስና ደር ይቆማሉ። በሁለተኛው ረድፍ ስምንት መደቆች ይሰለፋሉ። ሁለቱም ተጫዋቾች ንጉሣቸውን ከፈርዝ በስተቀኝ ስለሚያቆሙ ነገሥታቱ ፊት ለፊት አይተያዩም።

ደር በቀጥታ መስመር መንገዱ ክፍት እስከሆነለት ድረስ ይሄዳል። ፈረስ እንደ ዛሬው ቼስ ፈረስ ይዘላል። ሠራዊቱ ያሉት ፈጣኖች እነዚህ አራት ጠጠሮች ብቻ ናቸው። ንጉሥ ወደፈለገበት አቅጣጫ አንድ ቤት፣ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። መደቅ ወደፊት አንድ ቤት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል፣ ወደኋላ ግን ፈጽሞ አይመለስም። ፊል በሰያፍ አንዱን ቤት ተሻግሮ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ በመካከል ጠጠር ቢኖር እንኳ ይዘለዋል። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከስድሳ አራቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ ሁለቱ ዘገምተኞች ናቸው። በዛሬው ቼስ የፈርዝን ቦታ የያዘችው ንግሥት ሜዳውን በአንድ እርምጃ ታቋርጣለች፤ የሰንጠረዡ ፈርዝ ግን ከቤት ወደ ቤት ያዘግማል። በእንዲህ ያለ ሠራዊት ሁለቱም ወገኖች ተራ እየጠበቁ አንድ አንድ እርምጃ ቢሄዱ፣ ጦሩ ሳይገናኝ ጊዜው ያልፋል።

ወረራ፦ ተራ የማይጠበቅበት ጊዜ

የአገራችን ሰንጠረዥ ለዚህ ችግር የሰጠው መፍትሔ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ያለው «ወረራ» ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ አምስት ጊዜ ቢንቀሳቀስና ሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ ቢንቀሳቀስ ጥፋት አይደለም። ወረራው የሚያበቃው ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

ጀማሪ ተጫዋች በዚህ ጊዜ ፈጣኖቹን፣ ደርንና ፈረስን፣ ወደፊት ለማውጣት ይቸኩላል። ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ፈጣኖቹ ተራ ከተጀመረም በኋላ በአንድ ሁለት እርምጃ የሚፈለጉበት ይደርሳሉ። መደቅ፣ ፊልና ፈርዝ ግን በወረራ ጊዜ ካልወጡ፣ በኋላ ለእያንዳንዷ እርምጃ አንድ ሙሉ ተራ ይከፍላሉ። ወረራ የዘገምተኞች ጊዜ ነው።

ለአብነት የሚከተለውን አሰላለፍ መሞከር ይቻላል። ዓምዶቹን ከግራ፣ ረድፎቹን ከራስ ወገን እንቁጠር።

በቅድሚያ የአራተኛውና የአምስተኛው ዓምድ መደቆች ወደ አራተኛው ረድፍ ይውጡ። ሁለቱ ፊሎች አንዳንድ ጊዜ ዘልለው ከእነርሱ ኋላ፣ በሦስተኛው ረድፍ ጎን ለጎን ይቁሙ። ፈረሶቹ በዚያው ረድፍ በሦስተኛውና በስድስተኛው ዓምድ ይውጡ፤ ከዚያ ሆነው ፊት ያሉትን ሁለት መደቆች ይጠብቃሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ረድፍ፣ የአምስተኛው ዓምድ መደቅ በለቀቀው ቤት ይግባ።

እስካሁን የተደረገው ዘጠኝ እርምጃ ነው። የመካከሉ ሜዳ ተይዟል፤ እያንዳንዱም ጠጠር ከኋላው የሚጠብቀው ሌላ ጠጠር አለው። ባላጋራው አሁንም ካልበላ፣ የሰባተኛው ዓምድ መደቅ ሦስት ቤት ተራምዶ እስከ አምስተኛው ረድፍ ሊደርስ ይችላል። እዚያ ሲደርስ ፊልም ፈረስም ይጠብቁታል። የቀኙ ደር አንድ ቤት ወደ ግራ ቢጠጋ ደግሞ በዚያው ዓምድ ከኋላው ይደግፈዋል። ዘገምተኛው መደቅ በባላጋራው ደጃፍ ላይ በሦስት ዘብ ተጠብቆ ቆመ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ነገሮች አይዘነጉም። የመጀመሪያው፣ ባላጋራ ወረራውን በፈለገው ቅጽበት በመብላት ሊያቆመው መቻሉ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት «አሁን ቢበላኝ ማን ይመልስልኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው፣ ፈረስ፣ ደር፣ ፊልና ፈርዝ አያያዛቸው ካላማረ ወደኋላ ሊመለሱ ሲችሉ መደቅ ግን የማይመለስ መሆኑ ነው። የባላጋራን አሰላለፍ አይቶ የራስን ማስተካከል የወረራ ዋና ብልሃት ስለሆነ፣ የማይመለሰውን ከማራመድ በፊት ማየት ያስፈልጋል።

መብላት ግብ አይደለም

የሰንጠረዥ ደንብ የባላጋራን ጠጠር ሁሉ ለቅሞ መጨረስን እንደ ድል አይቆጥርም። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረም፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡን መያዝ ግዴታ ነው። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ተጫዋች የራሱን ድል ያበላሻል።

አገዳደሉም ክብር ይለያያል። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይታያል። በፈርዝ፣ በፊል ወይም በመደቅ መያዝ ግን ያስመሰግናል። ዘገምተኞቹን በወረራ ጊዜ ያላወጣ ተጫዋች በኋላ ቢያሸንፍ እንኳ የሚያሸንፈው በማያስመሰግነው መንገድ ነው። ወረራውና የአገዳደሉ ክብር አንድ ላይ የታሰቡ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ፈጣኑን ሳይሆን ዘገምተኛውን ለቁም ነገር ያበቃሉ።

የጎጃም ሰው ይህን ትምህርት ከራሱ ታሪክም ያውቀዋል። በ1933 ዓ.ም የጣሊያን ጦር በጎጃም በየምሽጉ ተቀምጦ ነበር፤ በቁጥርም በመሣሪያም ይበልጥ ነበር። አርበኞችና በኦርድ ዊንጌት የሚመራው አነስተኛው የጌዴዎን ጦር ግን በምሽጎቹ መካከል ያለውን መንገድና ሜዳ ያዙ። የምሽጎቹ ጦር አንዱ ለሌላው መድረስ ስላዳገተው በየካቲትና በመጋቢት ዳንግላን፣ ቡሬን፣ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን ተራ በተራ ለቅቆ ወጣ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጠንካራ ሆኖ በቦታው የቀረ ጦር፣ ጎረቤቱን መደገፍ ካልቻለ፣ እንደ አልወጣ ፊል ነው።

ጨርቅና ጥራጥሬ ይበቃል

ሰንጠረዥን ለመጀመር ገበያ መውጣት አያስፈልግም። ገበጣ መሬት ተቆፍሮ እንደሚጫወቱት ሁሉ፣ ሰንጠረዥም በአንድ ቁራጭ ጨርቅና በከሰል መስመር ይዘረጋል። ለመደቅ ባቄላና በቆሎ ይበቃል፤ የአንዱ ወገን ባቄላ፣ የሌላው በቆሎ ይሁን። ለቀሩት ስምንት ስምንት ጠጠሮች እንጨት ጠርቦ በቁመትና በቅርጽ መለየት ይቻላል። ዛሬ በትምህርት ቤት ያለው የቼስ ሠሌዳም ያገለግላል፤ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል፣ ግንቡን ደር ብሎ በቀድሞው ደንብ መጫወት ነው።

ስለ ሰንጠረዥ በእጃችን ያለው ጽሑፍ በብዛት የውጭ ተጓዦች ያዩትን የመዘገቡት ነው። የጠጠሮቹ ስምና የአንዳንዱ ደንብ ዝርዝርም ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ ለምሳሌ ፊል «ሳባ» ተብሎም ተመዝግቧል። አባቶቻቸው ወይም አያቶቻቸው ሲጫወቱ ያዩ፣ የጠጠሮቹን ስም በአካባቢያቸው አነጋገር የሚያስታውሱ፣ ወይም አሮጌ ጠጠር በቤታቸው ያለ አረጋውያን ካሉ፣ ልጆቻቸው ዛሬውኑ ጠይቀው ቢጽፉት ከመጻሕፍቱ የጎደለው ይሞላል።